የእትዬ ለምለም ቆርቆሮ

ቢፍቱ በሆቴሉ የጓሮ በር ስትገባ መጀመሪያ ያየችው ቁርጥራጩን ነው። ከአትክልቱ ጥግ፣ ከውሃ ታንከሩ ሥር፣ የቆርቆሮ ብጣሽ ተቆልሏል፤ አንዳንዱ እንደ ጣት የቀጠነ፣ አንዳንዱ መዳፍ የሚያህል። አጠገቡ አንድ የብረት ሠራተኛ የመቁረጫ ማሽኑን ገመድ በክርኑ ላይ እየጠቀለለ ነበር። ከብጣሾቹ በአንዱ ላይ የሰው ጆሮ አለ፤ ግማሽ ጉትቻ አንጠልጥሏል።

ጆሮው ከየት እንደመጣ ታውቃለች። ካዛንቺስ ሲፈርስ ከጎረቤቶቿ በተሰበሰበ የጣሪያ ቆርቆሮ ላይ እሷና ጓደኞቿ ሁለት ወር ሙሉ የሳሉት አንድ ትልቅ ሥዕል ነበር። ውሉ በውሰት የመጣው ቆርቆሮ ተቀብቶ፣ አንድ ቀን ለእንግዳ ታይቶ፣ ለአረጋውያን መርጃ ገንዘብ ከተሰበሰበበት በኋላ ወደ ባለቤቱ እንዲመለስ ነው። ቃሉን የሰጠችው ሌላ ሰው ሳይሆን ራሷ ቢፍቱ ናት።

ሠራተኛውን የቀረው የት እንዳለ ጠየቀችው። ውስጥ እንደተሰቀለ፣ ፍሬም እንደገባለት፣ የእንግዳ እጅ እንዳይቆርጥም ጠርዙን አንድ በአንድ እንደሞረደው ነገራት። ሥራውን ወዶታል። እሱ ላይ የምትጮኽበት ምክንያት አልነበራትምና ትታው ወደ አዳራሹ ገባች።

ቆርቆሮው በእኩል ካሬ ተከርክሞ፣ በጥቁር እንጨት ተከብቦ፣ በረድፍ በረድፍ ተሰቅሏል። እዚህ ዓይን፣ እዚያ የሰማያዊ ታክሲ በር፣ ወዲያ ደግሞ የሱቅ መዝጊያ። ሙሉውን ያላየ ሰው ምን እንደነበረ ሊገጣጥመው አይችልም። ከየሥዕሉ ሥር «የካዛንቺስን ትዝታ ወደ ቤትዎ ይውሰዱ» የሚል ካርድ ተለጥፏል። የሚስማር ቀዳዳ ያለባቸውን ቁራጮች ደግሞ ለይተው ፊት ለፊት ደርድረዋቸዋል፤ መብራት በርቶላቸዋል።

ሥዕሉ አልነበረም ያንገበገባት። ሥዕል ሲጠፋ ለምዳለች። ያንገበገባት ግንቦት ማለቁ ነው።

እትዬ ለምለም ከቢፍቱ እናት ቤት ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ሃያ ምናምን ዓመት ኖረዋል። ክፍሏ የሌላ ሰው ቤት ተቀጥላ ነበረች። ጣሪያዋ ሲያፈስ አከራያቸው በራስሽ አሠሪ ቢሏቸው፣ ጉሊት ሽንኩርትና ድንች እየሸጡ፣ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ቆርቆሮ እየገዙ ከዳር እስከ ዳር ራሳቸው አለበሷት። ሰፈሩ ሲነሳ በስማቸው የተመዘገበ ቤት ስላልነበራቸው ምትክ አልደረሳቸውም። የደረሳቸው ያንን ጣሪያ ነቅለው መሄድ ነው። ሚስማሩን ሳይቀር አቃንተው ወሰዱት።

የአክስታቸው ልጅ ገብረመስቀል ቄራ ካለው ከራሱ ሥጋ ቤት ጀርባ፣ ግቢው ውስጥ አንድ ጥግ ሰጣቸው። ብሎኬቱ ቀስ በቀስ ሲደረደር ቆርቆሮው አጥር ተደግፎ ይጠብቅ ነበር። ቢፍቱ የለመነቻቸው ያኔ፣ በየካቲት ነው። ሌሎቹ ጎረቤቶች ኮንዶሚኒየም ገብተዋልና የነበራቸውን ቆርቆሮ እንደ ስጦታ ነው የሰጡት፤ ተመለሰ አልተመለሰ ግድ የላቸውም። የእትዬ ለምለም ግን ውሰት ነበር። ክረምት ሳይገባ ራሷ እንደምታመጣላቸው ነገረቻቸው። ቀለሙ ዝገት ይከላከል እንደሆነ ጠየቁ፤ ይከላከላል አለች።

«እንግዲያ ውሰጂው» አሉ እየሳቁ። «እኔ እንደሁ ከሥር ሆኜ አላየው። የምትስይው ለአሞራ ነው።»

አሁን ቢፍቱ አዳራሹ መሃል ቆማ የእትዬ ለምለምን ጣሪያ በዓይኗ ትፈልጋለች። አላገኘችውም። አሉላ ግን እዚያው መሰላል ላይ ቆሞ መብራት ሲያስተካክል አየችው።

አሉላ የቡድናቸው መሥራች ነው። ቡድኑ «ማንም» ይባላል። በስም መፈረም ክልክል ነው። አንዱ የጀመረውን ሌላው ይጨርሳል፤ ዛሬ ፊት የሳለ ሰው ነገ ያንኑ ፊት አይነካም። ሥራው አልቆ ጥግ ላይ «ማንም» ተብሎ ከተጻፈ በኋላ ተመልሶ ሄዶ ማየት፣ ተቀባበት ወይ ፈረሰ ብሎ መጠየቅ እንደ ነውር ይቆጠራል። ግድግዳ የሰዓሊ አይደለም፣ ቀብተህ ሂድ፣ ይላል አሉላ። በዚህ ደንብ ብዙ ደግ ሥራ ሠርተዋል። ኩላሊት ለመታጠብ ወረፋ የሚጠብቁ ሰዎች ቀኑን ሙሉ የሚያፈጡበትን ግራጫ ኮሪደር የዓሣ ገንዳ አስመስለውታል። ቡልጋሪያ ሰፈር ያለ አንድ ትምህርት ቤት አጥሩ ሙሉ የነሱ ነው። ስማቸውን የሚያውቅ የለም፤ ቢፍቱ በዚህ ስትኮራ ኖራለች። የጣሪያውን ሥዕል ጨርሰው በጭነት መኪና ለፀሎት የበጎ አድራጎት ድርጅት ካስረከቡ ወዲህ አንድም ቀን ምን ደረሰ ብላ ያልጠየቀችውም በዚሁ ደንብ ነው።

«ውረድ» አለችው።

«ትንሽ ቆይ፣ ይቺን ላጥብቃት።»

«ውረድ አልኩህ።»

ወረደ። ቁረጡ ያላቸው ማን እንደሆነ ጠየቀችው።

«እኔ ነኝ። ማለቴ፣ ፀሎት ጠየቀችኝ፣ እሺ አልኳት። ያንን የሚያህል ሥዕል የሚሰቅልበት ቤት ያለው ሰው የለም ቢፍቱ። ሲቆራረጥ ግን ሁሉም አንዳንድ ይዞ ይሄዳል። ክረምቱን ሙሉ የሽማግሌዎቹ ምሳ ተሸፈነ ማለት ነው፣ በቃ።»

«የእትዬ ለምለምስ?»

«ምናቸው?»

የባሰ የከነከናት ይሄ ነው። ቢዋሽ፣ ቢደነግጥ፣ ሰበብ ቢደረድር ይሻላት ነበር። አሉላ ግን ከልቡ ነው የጠየቀው። ጭራሽ ረስቶታል።

«ጣሪያቸው ነዋ። አውሰውን ነው እንጂ ሰጥተውን አይደለም። ስንጭነው ጫፉን ይዘህ ነበር።»

አሉላ ዞሮ ግድግዳውን አየ፤ ከዚያ እሷን። ፊቱ ቀስ እያለ ተለወጠ። «ሁሉም የሰጡን መስሎኝ» አለ። «ደሞ እኛ ከተቀባ በኋላ መች የማን ነው ብለን እናውቃለን?»

«ግድግዳ እኮ አይደለም። ጣሪያ ነው። ሥሩ ሰው ይተኛል።»

ይቅርታ ሊላት አፉን ከፈተ፤ አልሰማሁም ብላ ጥላው ሄደች። ብትቆም ኖሮ እጇን ታነሳበት እንደነበር በኋላ ለራሷ አምናለች።

ፀሎትን ያገኘቻት ወጥ ቤት በኩል፣ የነገውን መስተንግዶ ስታስተባብር ነው። ፀሎት ክፉ ሰው አይደለችም፤ ቢፍቱም በንዴቷ መሃል ይህን አልዘነጋችም። የባንክ ሥራዋን ትታ «ወለላ» የሚባለውን የአረጋውያን መመገቢያ ያቋቋመች፣ ድስቱን ራሷ የምታማስል፣ ለራሷ መኪና እንኳ ያልገዛች ሴት ናት። ነገሩን እስከ መጨረሻው አዳመጠች። በጣም እንዳዘነች፣ ውሰት እንዳለበትም ማንም እንዳልነገራት ተናገረች፤ እውነቷን ነው። ከዚያ መፍትሔ አመጣች። ከስፖንሰሮቹ አንዱ የግንባታ ዕቃ አስመጪ ነው፤ እትዬ ለምለምን ከተረጂዎቹ ጋር ማስገባት ይቻላል፤ ከወረዳ የድህነት ማረጋገጫ ካመጡ ነገ መድረክ ላይ አዲስ ቆርቆሮ ከስፖንሰሩ እጅ ይቀበላሉ።

«አንድ አጭር ቪዲዮ ብቻ ነው የምንፈልገው» አለች። «ስላሉበት ሁኔታ ሁለት ደቂቃ ቢናገሩ ለሌሎቹም በር ይከፍታል።»

«ለገዛ ጣሪያቸው መድረክ ላይ ወጥተው ያመስግኑ?»

«እንደዛ አታስቢው ቢፍቱ።»

«እሺ፣ እንዴት ላስበው?»

ፀሎት ወንበር ስባ ተቀመጠች። ደክሟታል። ስልኳ ጠራ፣ ስለ ወንበር የሚጠይቅ ሰው ነበር፤ በዓይኗ ይቅርታ እየጠየቀች አነሳችው።

ቢፍቱ ቄራ ስትደርስ ሰማዩ በጎተራ በኩል ጠቁሯል። ከሥጋ ቤቱ ጀርባ ያለችው ክፍል ቆንጆ ሆናለች። ብሎኬቱ ተለስኗል፤ ወራጁ ተመትቶ፣ ማገሩ ተቸንክሮ፣ ቆርቆሮ ብቻ ይጠብቃል። አልጋውና ቁም ሳጥኑ ክፍሉ ውስጥ ገብተው ላስቲክ ለብሰዋል። እትዬ ለምለም በር ላይ በርጩማ አስቀምጠው ድንች ይለቅማሉ። ሲያዩዋት ፊታቸው ፈካ።

«ቢፍቱዬ፣ መኪና አገኘሽለት? አናጢው ሰኞ እመጣለሁ ብሎኛል።»

መንገዱን ሙሉ ያዘጋጀችው ንግግር ጠፋባት። ቆማ፣ ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች፣ እንደሆነው ነገረቻቸው። የአሉላን አልደበቀችም፤ የራሷንም። አንዴ እንኳ ሄጄ ባየው ኖሮ ይተርፍ ነበር አለች። የፀሎትንም መልእክት አደረሰች፤ ወረዳውን፣ መድረኩን፣ ቪዲዮውን። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ አፍራ ነበር፤ ግን መልስ የመስጠት መብቱ የሳቸው ነው ብላ አመነች።

እትዬ ለምለም የያዙትን ድንች አስቀመጡ።

«አንቺ ልጅ፣ እኔ መች እርዱኝ አልኩሽ? ቆርቆሮዬን መልሺ ነው ያልኩሽ።»

«አውቃለሁ እትዬ።»

«አታውቂም። ብታውቂማ መድረክ ይውጡ አሉዎት ብለሽ አትመጪም ነበር። ጎረቤት ሆነን ስንኖር እናትሽ ወንፊት ተውሳኝ ሳትመልስ ያደረችበት ቀን የለም። ወንፊት።»

ቢፍቱ መሬት መሬት አየች። ሠርታ እንደምትተካላቸው ተናገረች። እትዬ ለምለም አልሰሟትም፤ ወይም መስማት አልፈለጉም። ወደ ላይ፣ ባዶውን ማገር፣ ከማገሩም በላይ ደመናውን ሲያዩ ቆዩ።

«ነገ በስንት ሰዓት ነው ድግሳችሁ?»

«ከሰዓት በኋላ ነው። ግን እትዬ፣ ተቆራርጧል እኮ። ይሄን ያህል ነው የሆነው» አለች በእጇ እያሳየች።

«ተቆራርጦም የኔ ነው።»

በማግስቱ አዳራሹ በእንግዳ ሞልቶ ነበር። ለስለስ ያለ ሙዚቃ፣ በትሪ የሚዞር ጭማቂ፣ ወዲህ ወዲያ የሚል ፎቶ አንሺ። አረጋውያኑ ተመሳሳይ ነጭ ሻርፕ ተደርጎላቸው ከፊት ተደርድረዋል። አሉላና ሌሎቹ የ«ማንም» ልጆች እንደ ልማዳቸው ራሳቸውን ሳያስተዋውቁ ከኋላ ቆመዋል። ቢፍቱ በር ላይ ነበረች። እትዬ ለምለም ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ሁለት ባዶ ማዳበሪያ በብብታቸው አጣጥፈው ሲመጡ፣ ጥበቃው መብራህቱ ወዴት ናቸው አለ። ቢፍቱ ከኔ ጋር ናቸው ብላ አስገባቻቸው።

እትዬ ለምለም ወዲያ ወዲህ አላሉም። የመጀመሪያውን ፍሬም ከሚስማሩ አወረዱና ገለበጡት። ጀርባው ክፍት ነው፤ የሥዕሉ ቀለም አልነካውም፤ ከጥግ እስከ ጥግ አረንጓዴ የዘይት ቀለም መስመር ተሰምሮበታል። ለልቅሶም ለሠርግም ዕቃ እየተዋዋሰ የኖረ የሰፈር ሰው ድስቱን፣ ሳህኑን፣ ወንበሩን ሁሉ ምልክት ያደርግበታል፤ አንዱ በጥፍር ቀለም፣ አንዱ በክር፣ አንዱ በሚስማር ጭረት። የእትዬ ለምለም ምልክት አረንጓዴ መስመር ነው። ሰፈሩ ሲፈርስ ቆርቆሮ ከቆርቆሮ እንዳይቀላቀልባቸው እያንዳንዱን በጀርባው በኩል ዳርና ዳሩን አስምረውበታል። ቆርቆሮውን ከፍሬሙ በአውራ ጣታቸው ገፍተው አወጡ። ፍሬሙን ግድግዳው ሥር አስቀመጡ። ቆርቆሮውን ማዳበሪያ ውስጥ ከተቱ። ወደ ሁለተኛው ሄዱ።

ሁለተኛው ምልክት አልነበረውም። መልሰው ሰቀሉት፤ ተንጋዶ እንደሆን ራቅ ብለው አይተው አቃኑት።

እንግዳው ዞሮ ማየት ጀመረ። ሙዚቃውን ቀነሱት። አንዲት ሴት ይሄ የፕሮግራሙ አካል እንደሆነ አጠገቧ ያለውን ጠየቀች፤ ሳይሆን አይቀርም አላት። ስልኮች ወጡ። እትዬ ለምለም ሦስተኛውን አወረዱ፣ ገለበጡ፣ መስመሩን በጣታቸው ዳሰሱ፣ አወጡ፣ ከተቱ። አንድ ሰው አጨበጨበ። ከዚያ ሌላው። ጭብጨባው አዳራሹን ሲሞላው ቢፍቱ ከበሩ ተነስታ ወደ መሃል ገባች።

«እማማ፣ ወደዚህ ዞር ይበሉ እስቲ» አለ ፎቶ አንሺው።

«ሥራ ላይ ነኝ» አሉት ሳይዞሩ። እንግዶቹ ሳቁ።

«ምን ያስቃል?» አለች ቢፍቱ። ድምጿ ከራሷም ግምት በላይ ወጣ። «ትያትር አይደለም። ጣሪያቸው ነው። እኛ ወስደን፣ ቆራርጠን፣ ልንሸጥላችሁ ነው የሰቀልነው። ዝናብ እየመጣ ነው፣ ቤታቸው ባዶ ነው። ለእሱ ነው የምታጨበጭቡት።»

ጭብጨባው ቆመ። አንዳንዱ ስልኩን ዝቅ አደረገ፤ ሁሉም ግን አላደረገም።

ፀሎት በሕዝቡ መሃል እየተሽሎከሎከች መጣችና እትዬ ለምለምን እጃቸውን ያዘቻቸው። በለሆሳስ ነበር የምታወራው። እነዚህ ሽማግሌዎች ክረምቱን የሚበሉት በዚህ እንደሆነ፣ ዛሬ ካልሆነ ሌላ ቀን እንደሌላት፣ ቆርቆሮ በማግስቱ ራሷ እንደምታመጣላቸው ለመነቻቸው። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ቢፍቱ ያንን እንባ ውሸት ልትለው ፈለገች፤ አልቻለችም። ከፊት የተደረደሩትን አዛውንቶች አየች። አንዱ ሻርፑን ጉልበቱ ላይ አጣጥፎ ሰው ሁሉ ምን እንደሆነ ሳይገባው ይጠብቃል። 

«ይብሉ ልጄ» አሉ እትዬ ለምለም። «እግዜር ይስጥሽ። እኔ የኔን ብቻ ነው የምወስደው።»

መብራህቱ ከበር ተጠርቶ መጣ። ያለ ፀሎት ፈቃድ ዕቃ ማስወጣት እንደማይችል አስረዳ፤ ይህንንም ሲል እትዬ ለምለምን ሳይሆን ወለሉን ነበር የሚያየው። ሁሉም ፀሎትን አየ። ፀሎት ደግሞ አሁንም ያልወረዱትን ስልኮች። «ይለፉ» አለች መጨረሻ ላይ። ሰውን አፍራ ይሁን ሐቁን አይታ፣ ቢፍቱ እስከ ዛሬ አልለየችውም።

ምልክት ያለባቸው ሲያልቁ ማዳበሪያዎቹ እንኳ አልሞሉም። መስመሩ የተሰመረው ዳርና ዳር ነው፤ ከየቆርቆሮው መሃል የወጡት ቁራጮች ጀርባቸው ባዶ ነው። ቢፍቱ ይህ ሲገባት ሮጣ ከግድግዳው አንዱን አወረደች።

«ይሄም የእርስዎ ነው እትዬ። መሃሉ ስለሆነ ነው ምልክት የሌለው።»

«የኔ መሆኑን በምን አወቅሽ?»

ሥዕሉን ገልብጣ አየችው። ግማሽ ፊት ነው፤ አገጭና ከንፈር። የማን ቆርቆሮ ላይ እንደሳሉት ለማስታወስ ሞከረች። ሲጀምሩ ሁሉንም አንድ ላይ ነጭ ቀብተው፣ እንደ ካርታ በውዘው፣ አንድ ረጅም ግድግዳ አድርገው ነበር የገጠሙት። ያኔ መበወዙ ራሱ ደስ ብሏቸው፣ ሰፈር ማለት ይሄ ነው ተባብለው ነበር። ሌላ ፍሬም አወረደች፤ ሌላም። አሉላን ጠራችው። መጣ።

«ይሄን ማን ነው የሳለው?» አሉት እትዬ ለምለም።

አሉላ ወደ መብራቱ አስጠግቶ አየው። «ሁላችንም» አለ።

«የማን ቆርቆሮ ላይ?»

አሉላ ጀርባውን ገለበጠ፤ ምንም የለበትም። ሌሎቹ ልጆችም ተጠግተው አዩ፤ አንዱ የራሱን መስመር ያወቀ መስሎት በእጁ ጠቆመና መልሶ ተጠራጠረ።

«እንግዲያ ተዉት» አሉ። «የሰው አልወስድም።»

«እትዬ፣ ሌሎቹ እኮ ለኛ ሰጥተውናል! አይፈልጉትም። እርስዎ የፈለጉትን ይውሰዱ።»

«ለናንተ ሰጡ። ለኔ አልሰጡኝም።»

ያወረደቻቸውን ፍሬሞች ከእጇ ተቀብለው አንድ በአንድ መልሰው ሰቀሏቸው።  ለቢፍቱ በፀሎት ላይ መናደድ ቀላል ነበር፤ በአሉላ ላይም። አሁን ግን ንዴቱ የሚያርፍበት አጥቶ ወደ ራሷ ዞረ። እዚያ ግድግዳ ላይ የቀረውን ጣሪያ እትዬ ለምለምን የቀማቸው መቁረጫው ብቻ አልነበረም። ስማቸውን ባለመጻፍ ሲኮሩ የኖሩት እነሱም ናቸው።

አሉላ ማዳበሪያውን ልሸከም አለ። እትዬ ለምለም ሰጡት። እስከ ቄራ ከፊቱ ከፊቱ ሄዱ።

ሰኞ አናጢው መጥቶ ካሬዎቹን ሲያይ ሰው የሚቀልድበት መስሎት ነበር። ኋላ አንዱን በአንዱ ላይ እያስነባበረ፣ እንደ ዓሣ ቅርፊት፣ ከጀርባው ግድግዳ ጀምሮ መታው። አልጋው እስካለበት ድረስ አዳረሰ። ከዚያ በኋላ ሰማይ ነው። እትዬ ለምለም አልጋውን አስጠጉ፣ ቀሪው ላይ ሸራ ወጠሩ። ቢፍቱ መሰላል ስትይዝ ዋለች። የሚያናግሯት ሥራ ለማዘዝ ብቻ ነው፤ ሚስማር አቀብዪ፣ ያንን አንሺ። ቢፍቱዬ ያሏት ለመጨረሻ ጊዜ አርብ ዕለት፣ ወሬውን ከመስማታቸው በፊት ነበር።

ፀሎት ደወለች። ቆርቆሮው ተዘጋጅቷል፤ መድረኩም ቀርቷል፤ ስፖንሰሩ ለሪፖርት የሚሆነው አንድ ፎቶ ብቻ ነው የሚፈልገው። ቢፍቱ ለእትዬ ለምለም ነገረቻቸው።

«ያዋስኩት ላንቺ ነው» አሉ። «ከሌላ ሰው ጋር ጉዳይ የለኝም።»

ቡልጋሪያ ማዞሪያው ጋ የግንባታ ዕቃ የሚሸጥ ጉተማ የሚባል ነጋዴ አለ። የትምህርት ቤቱን አጥር ካየ ጀምሮ የሱቁን ፊት እንዲቀቡለት ሲለምናቸው ነበር፤ «ማንም» የንግድ ማስታወቂያ አይስልም ብለው ስቀውበት ያውቃሉ። ቢፍቱ ሄደች። ዋጋውን በቆርቆሮ እንዲከፍላት ጠየቀችው። ጉተማ ተስማማ፤ ግን ሰው ሥዕሉ ሲያምረው የሚደውልበት የሰዓሊው ስምና ስልክ ከታች ይጻፍ አለ።

ሚስማሩን፣ ሲሚንቶውን ሳለች፤ የጉተማን ስም ከነአባቱ በትልቁ ጻፈች። በሁለተኛው ቀን አሉላ ብሩሹን ይዞ መጣ። አልጠራችውም፤ አላባረረችውም። የቀረውን ግማሽ ቀባ። ሲጨርሱ ከታች ባዶ የቀረውን ቦታ አሳየችው። ስሟን አስቀድማ ጽፋዋለች፣ ከነስልኳ።

«ጻፍ» አለችው።

«የኔንም?»

«ያንተን። የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ ብቻዬን አልቆምም።»

አሉላ ብሩሹን ቀለም ውስጥ ነከረ። ከዚያ በስተጥግ አንገቱን ደፍቶ ጻፈ። አይታ ለማንበብ ጎንበስ ማለት ነበረባት።

«አይታይም። ተለቅ አድርገህ።»

አጥፍቶ ተለቅ አድርጎ ጻፈው።

ቆርቆሮውን በጋሪ ጭነው ቄራ ሲደርሱ የዕለቱ ዝናብ ገና አባርቶ ነበር። ሸራው ውሃ አቁሮ እንደ ጥጃ ሆድ ተንዠርግጓል፤ እትዬ ለምለም በመጥረጊያ እንጨት ከሥር እየገፉ ያፈስሱታል። ቀሚሳቸው እስከ ጉልበት ረጥቧል። አዲሶቹን ቆርቆሮዎች ከላይኛው ጀምረው እያነሱ በፊትም በጀርባም አገላበጡ፤ ገና ከፋብሪካ እንደወጡ ያብረቀርቃሉ።

«ምንም አልሳላችሁበትም?»

«ምንም እትዬ።»

«ነገም እንዳትስዪበት።» መጥረጊያውን ለአሉላ አስያዙትና ቢፍቱን ወደ በሩ አመለከቷት። «በይ አናጢውን ጥሪው፣ ሳይጨልም።»